በጃፓን የሚያስተምሩበትን ዓመት እንዴት ያባክኑታል?

ጃፓን ሄዶ አንድ ዓመት ማስተማር ትልቅ ዕድል ነው፤ ማባከኑ ግን ቀላል ነው። ቀላል የሚያደርገውም የአስተናጋጆቹ ጨዋነት ነው። እንግዳ ሲሳሳት አይቆጡም፣ ፊት ለፊት አያርሙም፤ ስሕተቱን በዝምታ አልፈው ራሳቸው ያስተካክሉታል። ስለዚህ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ሲሳሳት ከርሞ፣ ሁሉ ነገር እንደተሳካለት አምኖ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል። ቀና ምክር ቶሎ ይረሳልና ምክሩን ገልብጬ ጽፌዋለሁ። ዓመትዎን ማባከን ካሻዎ የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይፈጽሙ። ካላሻዎ ደግሞ ቢፈጽሟቸው የሚያጡትን ከየምክሩ ሥር ያገኙታል።

1. ከደጃፉ ጀምሮ ይቸኩሉ

የጃፓን ቤት መግቢያ ላይ ከወለሉ ዝቅ ያለች ቦታ አለች፤ ጌንካን ይሏታል። ጫማ የሚወልቀው እዚያ ነው። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። በሩ ላይ የተማሪውና የመምህሩ የጫማ ሣጥን ተደርድሯል፤ የውጭ ጫማ ገብቶ ለውስጥ ብቻ የሚደረገው ንጹሕ ጫማ ይወጣል። እርስዎ ግን የውስጥ ጫማ አይግዙ። ለእንግዳ በተዘጋጀው ነጠላ ጫማ እየተጎተቱ ዓመቱን ይጨርሱ። ለመጸዳጃ ቤት ብቻ የተቀመጠውን ነጠላ ጫማ እንደተጫሙ ወጥተው ኮሪደሩን ይዙሩበት። ታታሚ የተባለው ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍልም በነጠላ ጫማ ይግቡ።

ይህን ሥርዓት ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጃፍ ላይ ጫማ ማውለቅ ያደግንበት ነው። ጃፓኖች ያንን ጥንቃቄ ለመኖሪያ ቤታቸውና ለመማሪያ ክፍላቸውም ሰጥተውታል። ሲያወልቁ የጫማውን አፍንጫ ወደ በሩ አዙረው ያስቀምጡ። ይህን ብቻ ያየች የቤት እመቤት ሌላ ቀንም ትጠራዎታለች።

2. በመምህራን ክፍል ብቻዎን ይቀመጡ

የመምህራኑ ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ተገጥመው ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው ግድግዳ የለም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሁሉን ማየት በሚችልበት ቦታ ከፊት ይቀመጣል። ጠዋት የሚገባ ሁሉ ለክፍሉ በሙሉ በሚሰማ ድምፅ ሰላም ይላል። ማታ ቀድሞ የሚወጣም ቀድሟቸው በመሄዱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የቀሩትም ድካሙን አመስግነው ይሸኙታል። ዓመቱን ለማባከን ዝም ብለው ይግቡ፣ ዝም ብለው ይውጡ። ክፍለ ጊዜ በሌለዎት ሰዓት ኢርፎን ጆሮዎ ውስጥ ይክተቱ። ለዕረፍት ሌላ ከተማ ሄደው ሲመለሱም ባዶ እጅዎን ይምጡ።

የሚያጡት የሥራ ባልደረቦችዎን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የሚቀራረበው በረጅም ጨዋታ ሳይሆን በየቀኑ በሚደጋገም ትንሽ ነገር ነው። ከጉዞ የመጣ ሰው አንድ በአንድ የታሸገ የዚያን አገር ብስኩት በየጠረጴዛው ያስቀምጣል፤ በማግስቱ ያ ብስኩት ወሬ ይከፍታል። ከትምህርት በኋላ ደግሞ ተማሪዎች በየክበባቸው ይበተናሉ፤ ቤዝቦል፣ ኬንዶ የተባለው የሰይፍ ስፖርት፣ የሙዚቃ ጓድ፣ በብሩሽ መጻፍ። ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍት ልጅ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያቀብልዎ ስምዎን ይጠራል። ሥራ በቃኝ ብሎ በሰዓቱ ከግቢ የሚወጣ መምህር ይህን ልጅ ሳያውቀው ይመለሳል።

ቢዝነስ ካርድ ሲሰጥዎ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብለው ይቀበሉ። ለታላቅ ሰው በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል ከቤታችን ይዘነው የምንሄደው ነው፤ አንቱ ብሎ ያደገ ሰውም የጃፓንኛን የአክብሮት አነጋገር ምክንያት ሳይነገረው ይገባዋል። እዚያ ሲደርሱ ይህን መጣል የገዛ ሀብትን መጣል ነው።

3. የተማሪውን ዝምታ እንደ ድንቁርና ይቁጠሩ

ዓመትን ለማባከን ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ይህ ነው። ወደ ክፍል ሲገቡ ተማሪዎች በተረኛው ትእዛዝ ብድግ ብለው፣ እጅ ነስተው ይቀመጣሉ። ጥያቄ ይጠይቁ። ማንም እጁን አያወጣም። ወዲያው ራስዎ ይመልሱት። በማግስቱም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ አንዷን ልጅ ድንገት ያስነሡ።

ልጅቱን ልብ ብለው ይዩአት። ቀስ ብላ ትነሣለች። ወንበሯን እንዳይጮኽ በእጇ ይዛ ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ደብተሯ ላይ መልሱ በእርሳስ ተጽፏል፤ እርስዎ ከቆሙበት ይታያል። እሷ ግን ወደ ጎረቤቷ ዘወር ትላለች፣ ሁለቱ ይንሾካሾካሉ፣ ሌላኛዋ ራሷን ስትነቀንቅላት ብቻ ቀና ብላ አንዲት ቃል ትናገራለች። ለማበላሸት ይህን ኩረጃ ብለው ይቆጡ። ወይም ተቃራኒውን ያድርጉ፤ ጎበዝ ብለው እያጨበጨቡ በክፍሉ ሁሉ ፊት ለብቻዋ ያሞግሷት፣ እሷም በኀፍረት ትቅለጥ።

ያቺ ልጅ መልሱን ታውቀዋለች። የሚያስፈራት በሰው ፊት መሳሳት፣ ከጓደኞቿም ተለይቶ መታየት ነው። ከፊቷ የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ይጠብቃታል፤ ፈተናው ደግሞ ትክክለኛውን መልስ እንጂ ድፍረትን አይጠይቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጥያቄውን ይጠይቁ፣ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲመካከሩ ጊዜ ይስጧቸው፣ ከዚያ መልሱን ከቡድኑ ይቀበሉ። የሞተ የመሰለው ክፍል ሲንጫጫ ይሰማሉ።

አብሮዎት የሚያስተምረውን ጃፓናዊ መምህር እንግሊዝኛም በተማሪዎቹ ፊት ያርሙ። በዚህ አንድ ድርጊት የአንድ ሰው የዓመታት ክብር ይጎዳል፤ ከዚያ ወዲያ በእርስዎ ፊት እንግሊዝኛ ከመናገር ይቆጠባል፣ ተማሪዎቹም ከእሱ ዝምታን ይማራሉ። የውጭ አገር ወጣቶችን በረዳት የቋንቋ መምህርነት የሚያመጣው ጀት የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር ሁለት መምህራን ጎን ለጎን እንዲያስተምሩ ነው የታሰበው። ረዳቱ ዋናውን መምህር ካሳነሰ ሥራው ፈረሰ።

ኢትዮጵያዊ መምህር ደግሞ ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ። እንግሊዝኛን ከእናታችን አልተማርንም፤ ትምህርት ቤት ገብተን፣ ተሳስተን፣ ተቆጥተውን፣ በኋላም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ሳይቀር በእሱ ተምረናል። ይህን ለተማሪዎች አይንገሯቸው፤ እንግሊዝኛ ከሰማይ የወረደልዎ አስመስለው ይለፉ። ቢነግሯቸው ግን አንድ ልጅ ቋንቋው ለእሱም እንደሚቻል ያምናል።

4. ምሳዎን ለብቻዎ ይብሉ፣ ሲያጸዱም ቆመው ይመልከቱ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በብዙ ቦታም በመካከለኛው፣ ምሳ የሚበላው መማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ተረኛ ልጆች ነጭ ሽርጥና ቆብ አድርገው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ድስቱን በጋሪ እየገፉ ያመጣሉ። አንዱ ሩዙን ያወጣል፣ ሌላው ሾርባውን በጭልፋ ይቀዳል፣ ሦስተኛው ወተቱን ያድላል። ጭልፋ የያዘው ልጅ ሾርባው ለመጨረሻው ሰው እንዲደርስ ዓይኑን ከድስቱ አያነሣም። ለሁሉም ሳይደርስ የሚቀምስ የለም። መምህሩም ያንኑ ምግብ፣ ከእነሱ ጋር፣ በአንድ ምስጋና ጀምሮ ይበላል።

እርስዎ ግን ሳንዱዊችዎን ይዘው መምህራን ክፍል ይግቡ። ጾመኛ ከሆኑ ወይም የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ለማንም አይናገሩ፤ ሳህኑን ሳይነኩ ብቻ ይመልሱት። ምግቡ ሳይበላ የሚመለስበት ልጅ ምን እንዳጠፋ ሲያስብ ይውላል። አንድ ቃል አስቀድሞ ቢነገር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የወሩ የምግብ ዝርዝር ቀድሞ ይታደላል፤ የማይበሉትን ምልክት አድርገው ከነምክንያቱ ማስረዳት ይቻላል። ስለ ዐቢይ ጾም ወይም ስለ ረመዳን መንገርም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ከዚያ ጽዳት ይመጣል። በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ትልቁም ትንሹም መጥረጊያና መወልወያ ጨርቅ ያነሣል። ልጆች ጨርቁን በሁለት እጃቸው ወለሉ ላይ ተጭነው፣ ጎንበስ ብለው ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጡ ይወለውላሉ። እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ይቁሙ፤ መምህር መጥረጊያ አይነካም ይበሉ። ጨርቅ አንሥቶ አጠገባቸው የሚንበረከክ መምህር ግን በጽሑፍ ያልተሰጠ ሹመት ያገኛል። ተማሪዎቹ ከዚያ ወዲያ የእኛ መምህር ይሉታል።

5. ቆሻሻዎን ሁሉ በአንድ ፌስታል ያውጡ

የሚቃጠለው፣ የማይቃጠለው፣ ጣሳው፣ ወረቀቱ፣ ሁሉም የየራሱ ቀን አለው። የሚወጣውም በዚያው ቀን ጠዋት፣ ሰፈሩ በወሰነው ቦታ ነው። የውሃ ሃይላንድ ሲጣል ክዳኑ ይነቀላል፣ የተለጠፈበት ይላጣል፣ ውስጡ ይታጠባል። ቶኩሺማ ውስጥ ያለችው ካሚካትሱ የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ቆሻሻን ከነጭራሹ ለማስቀረት ቃል ገብታ፣ ነዋሪዎቿ በ45 ዓይነት እስከመለየት ደርሰዋል። እርስዎ ሁሉንም ቀላቅለው ማታ ያውጡት።

ፌስታሉ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብዙ የውጭ ሰዎች አያዩትም፤ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ማንም ሳያያት ፈትታ ትለየዋለች። ስለዚህ ገና ሲገቡ ትንሽ ስጦታ ይዘው ጎረቤቶችዎን ይተዋወቁ፤ የቆሻሻውን ሠንጠረዥም ያሳዩዎት ዘንድ ይለምኗቸው። አንድ ቀን በርዎን አንኳኩተው ይህ ዛሬ አይደለም፣ ሐሙስ ነው ካሉዎ ደስ ይበልዎ። እንግዳን አያርሙም፤ የሚያርሙት ጎረቤትን ነው።

6. የአደጋውን ልምምድ ይናቁ

የማንቂያ ድምፅ ሲሰማ ቡናዎን ይዘው ወንበርዎ ላይ ይቆዩ፤ ልምምድ ነው ብለው ይለፉት። ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ሥር ገብተው እግሩን ይይዛሉ፣ ከዚያ ሳይሯሯጡና ሳያወሩ በሰልፍ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ በ1923 ቶኪዮንና ዮኮሃማን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ መታሰቢያ ሆኖ መላው አገር ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ሱናሚ በመጣ ጊዜ በካማይሺ ከተማ ኡኖሱማይ ሰፈር የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች እንደተለማመዱት ወዲያው ወደ ከፍታ ሮጡ። የአንደኛ ደረጃ ልጆችም ተከተሏቸው፤ ታላላቆቹ የታናናሾቹን እጅ እየያዙ ዳኑ። እኛም መሬታችን በስምጥ ሸለቆ ላይ ናት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ደጋግሞ የተከሰተው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ይህን ልምምድ በቅጡ አይቶ ወደ አገሩ የሚመለስ መምህር ሕይወት የሚያድን ትምህርት ይዞ ይመጣል።

7. ሌሎችም አቋራጮች

ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገው ይሰኩት፤ ለሙታን የሚደረግ ነውና ማዕዱ ይቀዘቅዛል። በግብዣ ላይ ለራስዎ ብቻ ይቅዱ፤ የጎረቤትዎ ብርጭቆ ባዶ መሆኑን አይዩ። የጋራ መታጠቢያ ሲሄዱ ገላዎን ሳይታጠቡ ገንዳው ውስጥ ይግቡ። ባቡር ውስጥ በስልክ ጮኽ ብለው ያውሩ። እነዚህን ሁሉ ማንም አይከለክልዎም፤ ሁሉም ግን ያያል።

8. ስለ አገርዎ አይናገሩ፣ ያዩትንም አይጻፉ

ዕድሜያቸው የገፋ ጃፓናውያን ኢትዮጵያን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያነሡት አበበ ቢቂላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አሸንፎ፣ ማራቶንን በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከውድድሩ በኋላ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያዩት እስከ ዛሬ ያወሩታል። ሦስተኛ የወጣው የራሳቸው ልጅ ኮኪቺ ጹቡራያ ነበር። አንድ ሽማግሌ ይህን ሊያጫውትዎ ሲጀምር ሰዓትዎን አይተው ይነሡ፤ ዓመቱ በእርግጥ ባከነ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአንባቢ አቀረቡ። ጸሐፊው ላፍካዲዮ ሐርንም እ.ኤ.አ. በ1890 ማትሱዬ ከተማ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ገብቶ፣ እዚያ የቆየው ከአንድ ዓመት ጥቂት ለሚያልፍ ጊዜ ነበር። ያቺን አጭር ጊዜ በትጋት ስለተመለከተባት የጻፈው እስከ ዛሬ ይነበባል። ጊዜው አጠረኝ የሚል መምህር እነዚህን ሁለት ሰዎች ያስብ።

ዓመቱ ሲያልቅ አበባና ያማረ ስንብት ያገኛሉ። የባከነበትም ያልባከነበትም መምህር እኩል ያገኘዋልና በዚያ ራስዎን አይመዝኑ። የገጠር ትምህርት ቤት ልጅ በሕይወቱ የሚያገኘው ኢትዮጵያዊ እርስዎ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ዓመቱ የእሱም ነው፤ አባክነውት ከሆነ ያባከኑት የእሱንም ነው። ስሙን ከነቤተሰብ ስሙ ይያዙ፣ ከጎኑ ቁጭ ብለው ይብሉ፣ ከሱ ጋር ወለሉን ይወልውሉ፣ ሲሳሳት ጊዜ ይስጡት። ይህን ያደረገ መምህር ጃፓንኛው ደካማም ቢሆን አስተምሯል።