ቀኑ የሚቆጠረው በእኛ ላይ ብቻ ነው

ደንቡ አራት ዓመት ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ወስዶ ማለፍ፣ ፕሮፖዛል ጽፎ በኮሚቴ ፊት መከላከል፣ ከዚያ መስክ ወጥቶ ናሙና መሰብሰብ፣ ላብ ገብቶ መሥራት፣ ስኮፐስ ወይም ዌብ ኦፍ ሳይንስ በመዘገባቸው ጆርናሎች ላይ እንደየዩኒቨርሲቲው አንድ ወይም ሁለት ጽሑፍ ማሳተም፣ በመጨረሻም ዲዘርቴሽኑን ይዞ በውስጥና በውጭ ፈታኞች ፊት መቆም። በባዮሎጂም ሆነ በባዮሜዲካል ሳይንስ የዶክትሬት መስፈርቱ ባጭሩ ይኸው ነው። ከእነዚህ ውስጥ የምቃወመው አንድም የለም። ዶክተር ልባል የሚል ሰው ሥራውን ለሚያውቁት ሰዎች አቅርቦ ማስፈተን አለበት፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ።

የመረረኝ ሌላ ነው። ደንቡ ቀን የቆረጠው ለተማሪው ብቻ ነው። ፕሮፖዛሉን ለሚያጸድቀው ኮሚቴ ቀን አልተቆረጠለትም፤ ለግዥ ክፍሉ፣ ለፋይናንሱ፣ ረቂቁን ወራት ይዞ ለሚቀመጠው አማካሪም እንዲሁ። ሁሉም በራሱ ጊዜ ይሠራል። የሁሉም መዘግየት ተደምሮ ሲመጣ ግን የሚጻፈው በእኛ ስም ነው፤ «ተማሪዋ ዘግይታለች» ይባላል።

እኔ የማጠናው የወባ ትንኝን ነው፤ በአጎበርና በቤት ውስጥ ርጭት የምንጠቀምባቸውን ኬሚካሎች እንዴት እየተቋቋመች እንደመጣች። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አነስ ያለው ደግሞ ከበልጉ ዝናብ ጋር ይመጣል። መስከረም ላይ መስክ ለመውጣት አስቤ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻዬን ያስገባሁት በግንቦት ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ወጥመድ ለመስቀል ፈቃዱ ግድ ነው፤ ልክም ነው። ኮሚቴው አንዴ ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም፤ አንዴ ሰብሳቢው ለሥልጠና ወጥተዋል ተባለ፤ አንዴ ደግሞ የስምምነት ቅጹ የአማርኛ ትርጉም ማኅተም የለውም ተብሎ ማመልከቻው ተመለሰ። ፈቃዱ እጄ ሲገባ ታኅሣሥ ሊገባደድ ነበር። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ለክልል ጤና ቢሮ፣ የቢሮው ለዞን፣ የዞኑ ለወረዳ፣ የወረዳው ለቀበሌ ተጻፈ። ቀበሌው ደርሼ የመብራት ወጥመዴን ስሰቅል ትንኟ የምትራባበት ውሃ ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል።

አንድ ወር የዘገየ ደብዳቤ እኛ ዘንድ አንድ ዓመት ነው። ይህን የሚረዳልን አጥተናል። አበባ የምታጠናዋ ባልደረባዬ አበባው ከረገፈ፣ ዓሣ የሚያጠናው ጓደኛችን ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ካለፈ፣ የስንዴ ዋግ የሚያጠናው ማሳው ከታጨደ፣ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው የለም። ደብዳቤው የዘገየበት ቢሮ ሰዎች ግን «ያው በሚቀጥለው ወር ትሠሪዋለሽ» ይሉሻል። በሚቀጥለው ወር ምኑን?

ነገሩ የእኔ ዲግሪ ብቻ ቢሆን ባልተቆጨሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኘች። ይህች ትንኝ በበርሜልና በታንከር በተጠራቀመ የከተማ ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ ስለዚህ ዝናብ መጠበቅ አያሻትም። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያቱ እሷ እንደሆነች በጥናት ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ ነገር እየመጣ ትንኝ የሚያጠኑ ጥቂት ሰዎች ማኅተም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ መዋላቸው እንዴት ማንንም አያሳስብም?

ግዥው ደግሞ አለ። አኖፊለስ አረቢየንሲስንና የቅርብ ዘመዶቿን በማይክሮስኮፕ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የሚለዩት በፒሲአር ነው። ለዚያ ፕራይመር፣ ኢንዛይም፣ የዲኤንኤ ማውጫ ኪት ያስፈልጋል፤ የምጠቀምባቸው ሁሉ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። መጠየቂያዬን ይዤ ግዥ ክፍል ስገባ ኃላፊው ወረቀቱን ገለባብጠው አዩና፣

«እህቴ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ነው የሚፈለገው። ይሄ አንድ ብቻ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ኪት የሚያመርተው አንድ ኩባንያ ነው። እዚህ ያለውም ወኪል አንድ ነው። ሁለቱን ከማን ላምጣ?»

«አውቃለሁ። ኦዲተር ሲመጣ ግን የሚጠየቀው እኔ ነኝ። እስቲ ተመሳሳይ ነገር ፈልጊ።»

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አዝዘው ነው ያስተናገዱኝ። ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት ሕጉ ራሱ እንደሚፈቅድም አሳምረው ያውቃሉ። ነገር ግን ለዚያ ከበላይ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይፈለጋል፤ ፊርማውን የሚሰጠው ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። «ተመሳሳይ ነገር» ያሉኝም ነገር ለእስክርቢቶና ለወረቀት ይሠራል። ጥናቴ የተጻፈው በዚያ ኪት ነው፤ ኪቱ ከተቀየረ ሥራው እንደገና መፈተሽ አለበት።

እንደምንም ተገዝቶ ቦሌ የደረሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ኢንዛይሙ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ መቀመጥ ያለበት ነው፤ በደረቅ በረዶ ታሽጎ ነው የተላከው። ቅዳሜና እሑድ መጋዘን አደረ። ሰኞ አንድ ሰነድ ጎደለ፤ ማክሰኞ ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ አልገባም። ካርቶኑን ላብ ወስጄ ስከፍተው ከበረዶው አንዲት ፍሬ አልቀረም፤ የቱቦዎቹ ሌብል ርሶ ተላጦ ግማሹ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቢሆንም ሞከርኩት። ጄሉን መብራት ላይ አድርጌ ሳየው ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ እንኳ ባንድ አልሰጠም። የዓመት በጀቴ እዚያ ጄል ላይ ቀረ። ድጋሚ እንዲገዛልኝ ስጠይቅ ፋይናንስ የሰጠኝ መልስ «ተገዝቶልሽ ተረክበሻል» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ፈርሜ ተረክቤያለሁ።

በዚህ ላይ የብሩ ነገር መጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የጸደቀልን የምርምር ገንዘብ በዚያው ቁጥር ቀጠለ፤ የሪኤጀንቱ ዋጋ ግን በዶላር ነው። ሁለት መቶ ናሙና እሠራለሁ ብሎ ያስጸደቀ ሰው የመቶውን ዋጋ ይዞ ቀረ። ናሙናውን ቢቀንስ «ፕሮፖዛልሽ ላይ ያለው ሁለት መቶ ነው» ይባላል። ፕሮፖዛሉን ላስተካክል ቢል ወደ ኮሚቴው መመለስ ነው፤ ኮሚቴውን ነግሬያችኋለሁ።

መብራቱንም ሁሉም ያውቀዋል፤ ብዙ አልልበትም። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ የሚያቆይ ፍሪዘር ያለው ላብ ሁሉ፣ ሌሊት መብራት ሲሄድ ተነሥቶ ወደ ጥበቃው የሚደውል ተማሪ አለው። ጄኔሬተር አለ፤ ናፍጣ የለም። ናፍጣ ሲኖር ቁልፉን የያዘው ሰው የለም።

ናሙና ወደ ውጭ መላክ ሌላው ነው። የጂን ንባብ የሚሠሩ ተቋማት አገር ውስጥ ቢኖሩም አቅሙና ኬሚካሉ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ብዙዎቻችን ዲኤንኤውን ወደ ውጭ ለመላክ እንገደዳለን። ለዚህ የሚጠየቀው ፈቃድ በከንቱ የመጣ አይደለም። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣው አገሪቱ በሀብቷ እንዳትዘረፍ ነው፤ ጤፋችን ላይ የደረሰውንም አይተናል። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ላይ የያዘው ፓተንት እዚያው ሄግ ላይ በፍርድ ቤት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ስንት ዓመት ካንገበገበን በኋላ። ስለዚህ ጥበቃውን የሚጠላ የሕይወት ሳይንስ ተማሪ አላውቅም። ነገር ግን ለንግድ የሚሄድ ኩንታል ዘርና አንድ ተማሪ ለዲግሪዋ የምትልከው በቱቦ ያለ የትንኝ ዲኤንኤ በአንድ ወረፋ፣ በአንድ ቅጽ፣ በአንድ ጥርጣሬ መታየት የለባቸውም።

ይህ ሁሉ አልፎ ጽሑፉ ተጻፈ እንበል። አሁን ደግሞ የጆርናሉ ጊዜ ይጀምራል። የታወቁት ክፍት ጆርናሎች የማሳተሚያ ክፍያ ከ2000 ዶላር የሚያልፍበት ብዙ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚላክ ሥራ ክፍያውን የሚምሩ አሳታሚዎች አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። የማይምሩትን ማን ይከፍልልናል? ከዚያ የገምጋሚው አስተያየት ይመጣል፤ ከሚደጋገሙት አንዱ «እንግሊዝኛው በተወላጅ ተናጋሪ ይታረም» የሚለው ነው፤ ሌላው «ሙሉ ጂኖሙ ለምን አልተነበበም?» የሚለው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በሳይንስ ቋንቋ የሚጻፍ አይደለም፤ በዶላርና በናፍጣ ነው የሚጻፈው።

ከታተመ በኋላ እንኳ ዕረፍት የለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ክላሪቬት ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ዝርዝሩ ከ50 በላይ ጆርናሎችን አስወጣ፤ 19ኙ ሂንዳዊ የሚያሳትማቸው ነበሩ። የጥራት ጉዳይ ነው፣ መውጣታቸው ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ በቅንነት ሠርቶ ያሳተመው ተማሪስ? በሌላ ጊዜ፣ በሌላ አሳታሚ ጆርናል፣ ይህ በአንዲት ጓደኛዬ ላይ ደርሷል። ጽሑፏን ስታስገባ ጆርናሉ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር፤ ለመመረቅ ስትጠይቅ ወጥቷል። «ዛሬ ዝርዝሩ ላይ የለም» ተብላ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ጭንቀት ነው ሰውን በሳምንት ውስጥ እናትማለን ለሚሉ አጭበርባሪ ጆርናሎች የሚዳርገው። ከዚያ እኛው ደግሞ በጥራት ጉድለት እንወቀሳለን።

መጠበቁ ከእኛ አልጀመረም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል ደረሱበት። የዶክትሬት ዲግሪያቸው ከጆንስ ሆፕኪንስ ነበር። ያም ሆኖ የመርዛማነት ምርመራው በበለጸጉት አገሮች ደረጃ ካልተሠራ ተቀባይነት የለውም እየተባለ ሥራው ዓመታት ተጓተተ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። እሳቸውን ያህል ሰው እንዲህ ካስጠበቁ እኛ ብንጠብቅ አይገርምም። የሚያንገበግበው የውጭዎቹ አለማመን ሳያንስ የራሳችን ቤት ደግሞ ጊዜውን መቁጠሩ ነው።

አብዛኞቻችን ከየዩኒቨርሲቲያችን ለትምህርት የተላክን መምህራን ነን። ውል ፈርመን፣ ዋስ ጠርተን ነው የመጣነው። አራቱ ዓመት ሲሞላ የማራዘሚያ ደብዳቤ ካልደረሰ ደመወዝ ይታገዳል። ማራዘሚያውን የሚጽፈው የምንማርበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱም ይዘገያል። ሁለት ልጆች ያሏት ባልደረባዬ ደመወዟ በታገደበት ወር የቤት ኪራይ ጨመረባት። ዋስ የሆናት የአጎቷ ልጅ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ለእሱም መሥሪያ ቤት ተልኮ ከአለቃው ፊት አቆመው። ምን እንዳጠፋ የሚነግረው ግን አላገኘም።

ከፊሉን እዚህ ከፊሉን ውጭ በሚማሩበት የሳንድዊች ፕሮግራም ስዊድን ደርሰው የመጡ ጓደኞቻችን የሚነግሩን አለ። እዚያም የዶክትሬቱ ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ ግን የሚቆጠረው የተሠራበት ጊዜ ነው። ወሊድ ወይም ሕመም ካጋጠመ ጊዜው ይራዘማል። ፕራይመር ያዘዘ ሰው በቀናት ውስጥ ይደርሰዋል። ከዚያ ተመልሰው ሲመጡ ስንፍና አልያዛቸውም፤ ያው ሰዎች ናቸው።

ሀብታም ሁኑልን አላልንም። አንድ ነገር ግን ያለ ምንም ዶላር ሊደረግ ይችላል። በየስድስት ወሩ የምንሞላው የሂደት ሪፖርት ቅጽ «የዘገየበት ምክንያት» የሚል ሁለት መስመር ቦታ አለው። እዚያ ላይ ሠንጠረዥ ይጨመርበት፤ ማመልከቻው የገባበት ቀን፣ መልስ ያገኘበት ቀን፣ በመካከሉ የያዘው ክፍል ስም። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም፣ ግዥውም፣ ፋይናንሱም፣ አማካሪውም ይጻፉበት። በእነሱ እጅ የቆየው ጊዜ ከአራቱ ዓመት ላይ ይነሣ፤ ወቅት ያመለጠው ተማሪም እስከሚቀጥለው ወቅት ያለው ጊዜ ይታሰብለት። ሬጅስትራሩ ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም፤ የሴኔት አንድ ውሳኔ ይበቃል። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርበናል፤ ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ እስካሁን መልስ የለም።