«መጣ!» እና «ሄደ!»፦ በንፋስ መውጫ የዲሽ አስተካከል ሥርዓት ላይ የተደረገ ጥናት

በሌላው ዓለም ዲሽ የሚያዞር መሣሪያ አለ። ሞተር ይገጠምለታል፣ ከሳሎን በሪሞት ይታዘዛል፣ ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው ራሱ ይዞራል። በንፋስ መውጫ ይኸው መሣሪያ ከሦስት ሰው ይሠራል፤ አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት። ይህ ጥናት የመሣሪያውን አሠራር፣ ልኬትና የብልሽት ዓይነት ይመረምራል። ጣሪያ ላይ ያለው ወገን እንዲወርድ ስላልተፈቀደለት ቃለ መጠይቅ ሊደረግለት አልተቻለም።

ከተማዋ የላይ ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሳተላይቱ ደግሞ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። እንግዲህ የጋይንት ሰው ደጋ ላይ በመስፈሩ ሦስት ኪሎ ሜትር አትርፏል ማለት ነው። ትርፉ በምስሉ ላይ እስካሁን አልታየም። ነፋሱን በተመለከተ ጥናቱ ለከተማዋ ስም የሚጨምረው ነገር የለውም።

በናይልሳት ዘመን የከተማዋ ዲሾች ፊታቸው ወደ ጉና ተራራ ነበር። በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ የሚቆመው ሳተላይት ከንፋስ መውጫ ሲታይ በጉና በኩል፣ ከአድማስ 36 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ተራራው ራሱ ከአድማስ ብቅ የሚለው ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢሆን ነውና «ጉና ከለለብን» የሚለው አቤቱታ በስሌት ውድቅ ሆኗል። ጉና ግን አሁንም ይወቀሳል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮሳት የተባለው የስርጭት መድረክ መጣ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ኤንኤስኤስ-12 ተዛወሩ። (ይህ ሳተላይት ወደ ሰማይ የተላከው በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ነው፤ እኛን እስኪያውቅ አሥር ዓመት ጠበቀ።) ዲሹ ሁሉ ለጉና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረ፣ ቀና ብሎም 64 ዲግሪ ገደማ ላይ ማየት ጀመረ። አቅጣጫው በካርታ ላይ ቢሰመር መቅደላ አካባቢ ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደዚያው ሲያቀኑ ወራት ፈጅቶባቸዋል። ዲሽ ሠሪው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ ይጨርሳል ይባላል። ይሁንና ንጉሡን ከበር ላይ ሆኖ «ትንሽ ወደ ቀኝ!» የሚላቸው ሰው አልነበረም።

«ወደ ቀኝ» የማን ቀኝ ነው? የዲሹ፣ የባለ ጣሪያው ወይስ ፊቱን ወደ ጣሪያው አዙሮ የሚጮኸው ልጅ? ጉዳዩ በስምምነት ስላልተፈታ በተግባር የሚሠራው «ወደ መናኸሪያው!» እና «ወደ ጉና!» ነው። «ትንሽ» የሚለው መለኪያም አሳሳቢ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዲሽ አጥርቶ የሚያየው የሰማይ ስፋት ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ጠርዙ ወደ ላይ አንድ ጣት ቢገፋ፣ እዚያ ሰማይ ላይ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። በጣሪያ ላይ «ትንሽ» ማለት ግን ከአንድ ጣት እስከ አንድ ክንድ ያለው ሁሉ ነው።

የጥናቱ ዋና ግኝት የጊዜን ነገር ይመለከታል። ሲግናሉ ከሳተላይቱ ተነሥቶ ጋይንት ለመድረስ የሚፈጅበት የሴኮንድ አንድ ስምንተኛ ነው። ሪሲቨሩ ያገኘውን ነገር ለማመን ጥቂት ሴኮንድ ያመነታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ ነው አድካሚው፦ ወሬው ቴሌቪዥኑ ፊት ከተቀመጡት እናት ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። እጅ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አላረፈም።

«መጣ!»

«ያዝሁት!»

«ሄደ!»

«አሁን መጣ አላልህም እንዴ?»

«እሱማ ቅድም ነው፣ አያ!»

36,000 ኪሎ ሜትር ሳይስት የመጣ ነገር በመጨረሻዋ አሥር ሜትር ይጠፋል። መድኃኒቱ በሙያው የታወቀ ነው፤ በጥቂቱ ነክቶ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ። በሐምሌ ብርድ ጣሪያ ላይ ቆሞ እጁን ሰብስቦ የጠበቀ ሰው ጥናቱ አላገኘም።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። ሜኑው ውስጥ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ጥንካሬ ሁለተኛው ጥራት። ጥንካሬ የተባለው ኬብሉ ተሰክቶ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ተቀባይ) ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ወዲያው ከፍ ይላል። ዲሹ ጉናን ቢያይ፣ መቅደላን ቢያይ፣ የጎረቤት ድንች ማሳ ቢያይ ግድ የለውም፤ የሚቆጥረው የገባውን ኃይል ሁሉ፣ የኤልኤንቢውን የራሱን ጫጫታ ጨምሮ ነው። ጥራት ግን ሪሲቨሩ የፈለገውን አግኝቶ ማንበብ መቻሉን ይመሰክራል፤ ካልቻለ ዜሮ ነው። ዲሹ ዞሮ ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ እንደ ናይልሳት ጊዜ ተጣሞ ከቀረም ውጤቱ ይኸው ነው፦ ላይኛው ሙሉ፣ ታችኛው ባዶ። ከሳሎን «ሰማንያ ሰባት ገባ!» ተብሎ ሲታወጅ የሚነበበው ሁልጊዜ ላይኛው ነው። ጥናቱ የዚህን ልማድ ምንጭ ሲመረምር፣ በቤቱ ውስጥ የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው መኖር አለመኖሩን መጠየቅ አላስፈለገውም።

መቶኛው ከምን ላይ እንደተሰላ የሚናገር ሪሲቨር የለም። የአንዱ 60 ለሌላው 85 ሊሆን ይችላል። ይህ ጎረቤታሞችን ከመፎካከር አላገዳቸውም።

የክረምቱን ነገር በአጭሩ እንለፈው። የዝናብ ጠብታ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። የድሮው የጣሪያ አንቴና ቢያንስ እያጉረመረመ፣ ምስሉን እያደበዘዘ ነበር የሚያስለቅሰን። ዲጂታሉ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ጥርት ብሎ ሄዶ ይገባል፤ የዜና አንባቢዋ ፊት አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይበታተናል፣ ድምፁ ይቆረጣል፣ ጥቁር ይሆናል። ገደል ለጋይንት ሰው አዲስ ነገር ስላልሆነ ማንም አይደነግጥም፤ ሁሉም ጣሪያውን ያያል።

የቀረው ብሎኑ ነው። ሲጠብቅ ዲሹን ይዞት በጥቂቱ ይንሸራተታል፣ ጥራቱም አብሮ ይወርዳል። ካልጠበቀ ነፋሱ አለ። ስለዚህ ባለሙያው ሒሳቡን የሚጠይቀው ጥራቱ አረንጓዴ ሆኖ ብሎኑ ገና ባልጠበቀበት ቅጽበት ነው፤ እናት ደግሞ «መጀመሪያ አጥብቀው፣ ልጄ» ይላሉ። ድርድሩ መሰላሉ ሥር ሲካሄድ መብራት ይጠፋል። ያኔ ጥንካሬና ጥራት ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ይሆናሉ፤ ሒሳቡም ለነገ ይቀጠራል።