ደላላውና በሩ

ሩቅ ዘመን አይደለም፤ ከሰሚት ወደ አያት ሲወጡ በሚገኝ አንድ ሰፈር ቤቶች ሁሉ በአንድ ፕላን ይሠሩ ነበር። የትኛው ገጽ መቼ እንደሚሠራ የሚያዘው ግን ፎርማኑ ጋታ ነው። (ስሞቹን ከሊቃውንት ተዋስኩ እንጂ እኔ አላወጣኋቸውም።)

በአዳማ መንገድ ከቆላ የሚወጣ፣ የወባ ወገን የሆነ ቫይቫክስ የሚሉት ደላላም ነበር። ያረጀ ቤት ዓይኑ አይገባም፤ ቀለሙ ያልደረቀውን ይመርጣል። መግቢያው ደፊ የተባለው በር ነው።

በአንድ ባለሀብት ፕላን ላይ፣ ከበሩ ንድፍ በላይ ባለችው የትእዛዝ መስመር፣ አንዲት ፊደል ተለውጣ ነበር። ጋታ ቢያነብ ቢያነብ አልገባህ አለው፤ ትቶት አለፈ። ንድፉ አልተነካም፤ ቧንቧ ዘርጊዎቹ ለሌላ አለቃ ስለሚታዘዙ እነሱ በበኩላቸው ያንኑ በር በቧንቧቸው ላይ ገጥመዋል። ቤቱ ግን ያለ በር አለቀ። በምዕራብ አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤት እንዲህ ነው፤ እኛ ዘንድ በር ያለውና የሌለው ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ሰውየው ኮራ። ቦሌ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ "ጎረቤቶቼ ይጠንቀቁ፤ እኔ ዘንድ መግቢያ የለም" ይል ጀመር። በ1995 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት ያቺን ፊደል አግኝተው ስለነበር ማን ይከራከረዋል? የሰፈሩ መርማሪም ያለቀውን ቤት ዞሮ አይቶ ማኅተሙን መታ።

አንድ ክረምት ደላላው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ይሄ ተረት ብቻ አይደለም፤ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይህ በር የለውም የተባሉ ኢትዮጵያውያን በቫይቫክስ ታመው ተገኝተዋል።

ግርግሩ መሃል፣ በግንባታው ወቅት አሸዋ ትሸከም የነበረች ልጅ ቀረብ አለች።

"ጋሼ፣ ቤቱ ሳያልቅ እኮ በሩ ለጥቂት ጊዜ ተገጥሞ ነበር። አሸዋውን በሱ ነው ያስገባሁት። ኋላ ነው የነቀሉት።"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

እውነት ነው፤ ማንም አልጠየቃትም ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ቀይ የደም ሕዋስን ከግንድ ሕዋስ ጀምረው በላብራቶሪ እያሳደጉ፣ በየደረጃው ሲመለከቱት ያዩት ልጅቷ ያለችውን ነው፦ በር የለውም በተባለው ሰው ደም ላይ በሩ በግንባታ ሰዓት ብቅ ብሎ ይጠፋል።

ባለሀብቱ ቀጣዩን ቤት ሊያስገነባ ሲነሣ ዘበኛ ቀጠረ። ሥራ የሚጀምረው ቤቱ በተመረቀ ማግስት ነው።