ሌላው ወገንስ?

ጠበቃን ቡና የሚጠራ ሰው ሁለት ጊዜ ቢያስብ ይሻለዋል። ቡናው ሳይቆላ ክርክር ይጀመራል፤ አቦል ሲቀዳ ከሳሽና ተከሳሽ ተለይተዋል፤ በረካ ላይ ሲደረስ ባለቤቲቱ ራሷ ለምስክርነት ተቆጥራለች። ተንኮል አይደለም፤ ሙያ ነው። አንዱ "እገሌ እኮ ሚስቱን በደላት" ሲል ሰው ሁሉ "ኧረ በማርያም!" ይላል። እኔን ግን አፌ ይቀድመኝና "እሱስ ምን ይላል?" እላለሁ። ያን ጊዜ ቤቱ ጭጭ ይላል፤ ባለቤቴም እግሬን ትረግጠኛለች።

አገራችን የዳኛ እጥረት አለባት የሚሉ ሰዎች ታክሲ ተሳፍረው አያውቁም። ከሜክሲኮ ሳሪስ እስኪደረስ አንድ አሠልጣኝ ይባረራል፣ ሁለት ሚኒስትሮች ይፈረድባቸዋል፣ አንድ ዘፋኝ ደግሞ ከነሙሉ ቤተሰቡ ይረገማል። ለአንዳቸውም መጥሪያ አልደረሳቸውም። እኔ ጥጌን ይዤ "ሌላው ወገን ሳይሰማ?" ስል ረዳቱ ራሱ "ወራጅ አለ!" ብሎ ሊያወርደኝ ይቃጣዋል።

ፖለቲካ ላይማ ባሰ። ሕገ መንግሥታችን 106 አንቀጾች አሉት፤ ሰዉ በቃሉ የሚያውቀው 39ኛውን ብቻ ነው። የሚደግፈውም የሚረግመውም እኩል ያውቀዋል፤ 40ኛው ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቁት ግን ሰማይ ሰማይ ያያል። ይህ የተለወጠው ለአንድ ሰሞን፣ ግንቦት 2012 ላይ ነው። ኮሮና ምርጫውን ሲያስተጓጉል ነገሩ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተመራ፤ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን ጠርቶ ሲሰማም በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። ሰው ቤቱ ተከትቷል፣ የእንግሊዝ ሊግ ቆሟል፤ ከአንቀጽ 54፣ 58 እና 93 በቀር የሚታይ ጠፋ። አማቴ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ 54 ነው ወይስ 93 የሚበልጠው?"

"እማማ፣ አንቀጽ በቁጥሩ አይበላለጥም።"

"ታዲያ አንተን አምስት ዓመት ምን ሲያስተምሩህ ነበር?"

ያም ሆኖ እንደዚያ ሰሞን በሙያዬ ተከብሬ አላውቅም። ክብሩ ያጠረው፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻው ሥልጣን የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት መሆኑን ሰዉ ሲያውቅ ነው። በዚያ ጉዳይ እኔም ተመልካች ነበርኩ፤ ከአማቴ የምለየው ሶፋው ላይ በያዝኩት ቦታ ብቻ ነው።

ጉባኤውን በሰብሳቢነት የመሩት የዚያን ጊዜዋ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። "ድፍረት"ን ያየ ሰው እሳቸውን በጠበቃነታቸው ያውቃቸዋል፤ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው ልጅ ጉዳይ የፊልሙ መነሻ ነውና። ይኸው ፊልም በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ እንግዳ ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ወዳጆቼ "እንዴት ይታገዳል!" ብለው ሲንጨረጨሩ እኔ "አመልካቹ ማነው? ምክንያቱስ?" አልኩ። ከእግዱ ጀርባ የነበረው ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ የሚል አቤቱታ ነው። ፊልሙ ስለ አንዲት ሴት መብት ጮኸ፤ እግዱም የመጣው በመብት ስም ነው። ሁለቱም ወገን እውነት ያለው ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ለመደበቅም አልሞክርም፣ ደስም ይለኛል። ለነገሩ ሕግ እንድማር የገፋፋኝ እንዲህ ያለ ቁም ነገር አይደለም፤ የሕንድ ፊልም ነው። "ዳሚኒ" ላይ ሳኒ ዲኦል በጠበቃነት ችሎት ፊት ቆሞ ስለ ቀጠሮ ብዛት ሲያገሳ አይቼ "ሥራ ማለት ይኼ ነው" አልኩ። ችሎት መድፈር የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አልነገረኝም።

መጽሐፍም ከዚህ በሽታ አያድንም። ሌላው የሚያለቅስበትን "ፍቅር እስከ መቃብር" እኔ በእርሳስ እያሰመርኩ ነው የማነበው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ይሳሉታል፤ ልጁ አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያ ስእለት ነፍሱን ያስጨንቃታል። ኧረ በሕግ አምላክ! ፈቃዱ ያልተጠየቀ ሕፃን ሌላ ሰው በገባለት ግዴታ ይያዛል? ዲማ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ተራ ጠበቃ ቢሮ ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሃምሳ ገጽ ያልቅ ነበር፤ ሐዲስ ዓለማየሁም እንኳን ጠበቃውን ረሱት። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻስ? ለእሳቸው የሚቆም አንባቢ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ የቅጣት ማቅለያ አዘጋጅቼላቸዋለሁ፤ የመከላከያ ምስክር አድርጌ የምጠራውም ጉዱ ካሣን ነው። ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው ብሎ ከእሱ በላይ የሚመሰክር የት ይገኛል? ሐዲስ "ወንጀለኛው ዳኛ" የሚል ልብ ወለድም አላቸው። ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ዳኛ ወዳጅ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ርዕሱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ።

ኳስ ላይ ደግሞ ሰዉ ራሱ ነው ጠበቃነቴን የሚያስታውሰኝ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን እዚሁ አዲስ አበባ 2 ለ 1 ረቱ፤ ከተማው በጡሩምባና በጭፈራ ተናወጠ። ጭፈራው ሳይበርድ ፊፋ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ፤ ከሳምንት በፊት ቦትስዋናን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች ተሰልፏል። የሰፈሩ ሰው በሬ ላይ ተሰበሰበ፤ ባለሱቁ ከፊት ነው።

"ጋሼ፣ ይግባኝ ይበሉ እንጂ! ሁለት ቢጫ እኮ ነው፣ ቀይ አይደለም!"

ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም ብዬ ልጀምር ስል ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። ተከሳሽ ካመነ ጠበቃ ምን ይቀረዋል? "ደንበኛዬ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው" ማለት ብቻ። ሦስት ነጥባችን ሄደ፤ ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። ባለሱቁ ያን ጉዳይ የተረታሁት እኔ ይመስለዋል፤ ዱቤ መስጠት አቁሟል። በኋላ ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፈን ምድቡን በአንደኝነት ስንጨርስ እንኳን ምሕረት አላደረገልኝም። ናይጄሪያ ያስቆመችን ያለ አንቀጽ ነው፣ በጎል።

ስለዚህ ቫር ሲመጣ ከሁሉ በላይ የፈነደቅኩት እኔ ነኝ። ሰበር መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካላየ የታች ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ አይነካም፤ ቫርም ግልጽ ስህተት ካልሆነ ዳኛውን አይጠራም። አንድ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። ልዩነቱ ቫር በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል፤ እስከ ሰበር በሚሄድ ሙግት ግን የተከሰሰው ተጫዋች ጫማውን ሰቅሎ አሠልጣኝ ይሆናል።

ሃይማኖት ላይ አፌን እንድዘጋ ባለቤቴ አስምላኛለች። መሐላውን የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት አፈረስኩት። ከቅዳሴ በኋላ ከንስሐ አባቴ ጋር የበላኤ ሰብእ ሥዕል ፊት ቆመናል። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ውኃ ለለመነው አንድ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ነበር። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ እመቤታችን ጥላዋን ስታጠላበት ያቺ ውኃ ሰባ ስምንቱን በለጠች። ስንት ዓመት የቆምኩለት ሙያ በአንድ ግድግዳ ላይ ተስሏል፤ ወንጀሉ ተቆጥሯል፣ ማስተባበያ የለም፣ የመከላከያ ማስረጃው እፍኝ የማይሞላ ውኃ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 82 ቅጣት ያቀልላል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። በጥብቅናው ቀናሁ። ግን ልማዴ አለቀቀኝም።

"አባ፣ የሰባ ስምንቱ ቤተሰቦችስ ተጠርተው ነበር?"

ባለቤቴ እግሬን ፈለገች፤ ጫማችንን አውልቀን ነበርና አልጎዳችኝም። አባ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው ቆዩና፣

"ልጄ፣ ያን ቀን አንተ የምትቆመው ከከሳሾቹ ወገን ይመስልሃል?" አሉኝ።

መልስ ለማዘጋጀት አጭር ቀጠሮ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። ለመጪው የካቲት 16 ቀጠሩኝ፤ ማስረጃዬንም ይዤ እንድቀርብ አዘዙ።