ሞራዎቹ ቡና ሊጠጡ መጡ

ስግድ ሲቃረብ ኢየሩሳሌም፣ ቃታሞኒም ሰፈር ውስጥ የእኛ የቤተ እስራኤል ሰው ይወደዳል። በዓሉ ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ይውላል። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል ብሎ ሕግ ካወጣለት ወዲህ መምህራንን ሰብስቦ «ባህሉን ማሳየት» ፋሽን ሆኗል። ከስግድ ወዲያ ባለው ጊዜ ባህላችን እረፍት ላይ ነው።

መምህራኑ፣ በእኛ አፍ ሞራዎቹ፣ በአውቶቡስ መጥተው ለ1950ዎቹ ስደተኞች በተሠሩት የሺኩን (የሕዝብ መኖሪያ) ብሎኮች መካከል ይወርዱና ወደ ማታናሱ፣ ወደ ሰፈሩ የባህል ማዕከል ይገባሉ። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ፕላስቲክ ነው። ቤቷ በጋዝ ምድጃ ያፈላችውን ቡና ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠጣ ባልቴት ለዛሬ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አስተርጓሚዋ የልጅ ልጇ ናት። ኢየሩሳሌም ተወልዳ ያደገችው ይህች ልጅ አማርኛዋ ከ«ቡና ጠጡ» ብዙም አይርቅም፤ ግን አያቷ ሁለት ቃል በተናገረች ቁጥር ሩብ ሰዓት ታብራራለች። «መንደራችሁም እንዲሁ ነበር?» ይሏታል። «አዎ» ትላለች ባልቴቷ። እንግዳ እንዴት እምቢ ይባላል?

ዕጣኑ ሲጨስ ዘበኛው ደንግጦ መስኮት ይከፍታል። አቦሉ ይቀዳል፤ ፈንዲሻው ይዞራል። ባልቴቷ አይኗን ሰበር አድርጋ ሲኒውን በሁለት እጇ ስታቀርብ ስልኮች ሁሉ ይነሣሉ። «እንዴት ያለ አክብሮት!» ይባላል። ከዚያ ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሞራዎቹ ብድግ ይላሉ። ቶናው ገና እየፈላ፣ በረካው ሳይታሰብ! ጎንደር ቢሆን እንዲህ የተነሣ እንግዳ ተቀይሞ ሄደ ተብሎ ሽማግሌ ይላክበት ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከጎንደርና ከአካባቢው የተመረጡ ወጣቶች ወደ እስራኤል፣ ወደ ክፋር ባትያ ተልከው ነበር፤ ተምረው መንደራቸውን ሊያስተምሩ። እነሱ ሰው አገር ያሳለፉት ዓመታት ነው። የዘንድሮዎቹ ሞራዎች ባህላችንን በሁለት ሰዓት ጨርሰው የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ።

እኛም አንታማም። ቴአትሩን የምናዘጋጀው ራሳችን ነን። የእንግዳ ቀን ጎጆ እንቀልሳለን፣ እንስራ እናቆማለን፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖረው ባህላችን ግን ትንፍሽ አንልም። እዚያ ፎቅ ላይ ያለ ልጅ «ታላቅ ሲያናግርህ አይንህን ስበር፣ ሳትጠየቅ አትናገር» እየተባለ ያድጋል። ማታናስ ውስጥ የተጨበጨበላት ያቺው ጨዋነት ናት። ትምህርት ቤት ስትደርስ ግን ስሟ ይለወጣል፤ የውጤት ካርዱ ላይ «በክፍል አይሳተፍም፣ በራሱ አይተማመንም» ተብላ ትጻፋለች። የባልቴቷን አይን መስበር ፎቶ ያነሣች ሞራ በማግስቱ የባልቴቷን ወንድ የልጅ ልጅ «ሳናግርህ አይኔን እየኝ!» ብላ ታንባርቃለች።

የወላጅ ስብሰባ ሲመጣ ዕብራይስጥ ያላቀናች እናት ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ ትቀመጣለች። ሞራዋ ስለ ልጁ ዝምታ ረጅም ስሞታ ታሰማለች፤ ልጁ አንገቱን እንደ ደፋ በአማርኛ ያሳጥረዋል፤

«እማዬ፣ ጎበዝ ነው እያለችሽ ነው።»

እናት ደስታዋን አልቻለችውም። ተነሥታ መረቀች፤ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ቤቷ መጥታ ቡና እንድትጠጣም ጋበዘች። ልጁ ይህችን አንዲት ቃል ሳያጎድል ተረጎመ።

ሞራዋ ፈገግ ብላ አመሰገነች፤ «ማታናስ ጠጥቻለሁ» አለች።