ጉዳዩ፦ ጡሩንባው ጡረታ በመውጣቱ ምስጋና ስለማቅረብ

ለሠፈራችን ዕድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፤
ባላችሁበት።

ጡሩንባ ነፊያችንን በጋቢና በጭብጨባ አሰናብታችሁ ልፈፋውንም የአባላቱንም መዝገብ ወደ ቴሌግራም ካዛወራችሁ ዓመታት አለፉ። ምስጋናዬ የዘገየው ሰሞኑን «ያልተከፈለ ቅጣት» በሚል ርዕስ ስሜን እዚያው ስትለጥፉት ገና ስለነቃሁ ነው።

ሰውየው ጎሕ ሳይቀድ በየበራችን እየዞረ እንቅልፍ ይነሣን ነበር። አሁን ተገላግለናል። መርዶው ሌሊት ድምፁን ባጠፋነው ስልክ ይገባል፤ እኛም ለሽ ብለን አድረን ቀብሩ ካለፈ በኋላ እንደርስበታለን። ቀድሞ የነቃ ሰውም ቢሆን የቀብሩን ሰዓት ለማግኘት የ«ነፍስ ይማር»ን መዓት አልፎ ሽቅብ መውጣት አለበት። መሀል ላይ አንድ የማናውቀው ሰው በቢትኮይን በሳምንት እንድንከብር ይጋብዘናል። ባለፈው ደግሞ አንድ ጎረቤታችን ከሟች ፎቶ ሥር አውራ ጣቱን ቀስሮ ለጠፈ። «አይቻለሁ ለማለት ነው» አለ። ቤተ ዘመዱ ምን ብሎ እንዳነበበው የጠየቀ የለም።

«ነፃ ነው» ብላችሁናል። ያሁ ግሩፕስም ነፃ ነበር። በየአገሩ ያሉ ማኅበራት ሃያ ዓመት ገደማ ደብዳቤያቸውንና ፎቷቸውን አከማቹበት፤ ኩባንያው መጀመሪያ ያጠራቀሙትን እንደሚሰርዝ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ላይ አገልግሎቱን ጭራሽ ዘጋ። ቀድሞ ቅጂ ያወጣ አተረፈ፤ ያላወጣ አጨብጭቦ ቀረ።

እኛማ ሩቅ አንሄድም። የካቲት 2015 ዓ.ም. በአገራችን ቴሌግራም ሲዘጋ አምስት ወር ገደማ ተዘግቶ ቆየ። ሞት ግን አልተዘጋም። ከኔ ጀርባ የሚኖሩት እማማ የልጅ ልጃቸው ቪፒኤን ጭኖላቸው፣ የግድግዳ ጎረቤታቸው ማረፋቸውን በኔዘርላንድ በኩል ዞረው ሰሙ። ጡሩንባው በዚያን ጊዜ የት ነበር? ዕቃ ቤት፣ ከብረት ድስቶቹ ሥር። እናንተም ጠፍቷችሁ አይደለም፤ ወደ ኋላ መመለስ ነውር መስሏችሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልጠይቅ። የግሩፑ ባለቤት ማን ነው? ዕድሩ እንዳትሉኝ። ግሩፑን በስሙ የከፈተው የገንዘብ ያዣችን ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሥራ ዱባይ ሄዷል። ባለቤትነቱን ከገዛ ስልኩ ካላስተላለፈ በቀር እናንተ ስብሰባ ጠርታችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፋችሁ፣ ማኅተም አሳርፋችሁ የምታመጡት ለውጥ የለም። ድንኳኑን ለአንድ ሰው ስጡ ብንላችሁ ሦስት ዋስ ትጠይቁ ነበር።

ስለዚህ ልጁ ባለቤትነቱን ለሰብሳቢው ያስተላልፍ። የአባላቱ ስምና ስልክ በየሦስት ወሩ በወረቀት ታትሞ ዕቃ ቤት ይቆለፍበት። ጡሩንባ ነፊውም ጉልበቱ እስከፈቀደለት ድረስ ይዙር፤ አበሉን እኔም አዋጣለሁ።

ቅጣቴን በተመለከተ፣ ቴሌግራም በተዘጋባቸው ወራት ከቀብር የቀረሁት መርዶው ስላልደረሰኝ ነውና ገንዘቡን ከራሱ ከቴሌግራም እንድጠይቅ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዱባይ ነው። የገንዘብ ያዣችን ልጅ በእጁ ያድርስልን።

ከሰላምታ ጋር፣
መዋጮ አስተጓጉሎ የማያውቅ አባል