አንዲት ሚስማር

ቋ!

ከዚያ ዝም። መቼም እንቅልፍ የሚነሣው ድምፁ አይደለም፤ ዝምታው ነው። የሚቀጥለውን እየጠበቀ የሚተኛ ሰው አይቼ አላውቅም። የጎረቤቴ ማድ ቤት ጣራ ላይ የአንዲት ቆርቆሮ ሚስማር ወልቋል። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ጠርዟ ብድግ ይላል፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ቋ! (ማሰቧን ያወቅሁት ቆጥሬ ነው። አንዳንድ ሌሊት እስከ ሰባት ድረስ ታስባለች።) ከመጋቢት ጀምሮ እንዲህ ነን።

እናንተም ዘንድ አንድ አይጠፋም። አንዱ ጎረቤት ጄኔሬተር አለው፤ ሌላው የበዓሉን በግ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ገዝቶ መስኮታችሁ ሥር ያስረዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብሎ የተረተው ሰው ቤቱ ሣር ክዳን እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ። ሣር ቢያፈስ ነው እንጂ አይጮኽም።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ወይ ዳዊት ይደግማል፣ ወይ ሕግ ያነባል። እኔ ሕጉን ያዝኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 3367 አንቀጾች አሉት፤ የእኔ ቆርቆሮ ያለችው 1225ኛው ላይ ነው። ባለሀብት ጎረቤቱን አያውክ፤ ጢሱም፣ ጥቀርሻውም፣ ክፉ ሽታውም፣ ጩኸቱም፣ ንዝረቱም ከመልካም ጉርብትና ልክ አይለፍ ነው ነገሩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴን ቀስቅሼ ላነብላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ደግነቱ ቀጥሎ ያለውን አየሁ፤ ልኩ የሚታየው የአካባቢውን ልማድና የመሬቱን ሁኔታ በማመዛዘን ነው። የሰፈራችን ልማድ ምን መሰላችሁ? ቆርቆሮ መንኳኳቱ!

ደግሞ «ባለሀብት» የሚለው ቃል አለ። ሕጉ በ1952 ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ሲውል መሬት ባለቤት ነበረው። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣና ባለቤቱ መንግሥት ሆነ። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ባለሀብት የሚባለው አሁን ፎቅ የሚያቆመው ሰው ነው፤ እኔና ጎረቤቴ ባለይዞታዎች ነን። እንግዲህ የሁላችንም በሆነ መሬት ላይ፣ የእሳቸው ብቻ የሆነ ቆርቆሮ፣ የእኔ ብቻ የሆነውን እንቅልፍ ይነሣል። ይህን ለጠበቃ ወዳጄ ብነግረው «ቤቱስ? ቆርቆሮውስ የእሳቸው አይደል?» አለኝ። ቀጥሎም እየሳቀ፣ «ከፈለግህ 1149ን ይዘህ ሁከት ይወገድልኝ በል፤ ብቻ ሁለት ዓመት እንዳያልፍህ» አለ። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ በጣቴ ወራት ስቆጥር ነበር። ገና ጊዜ አለኝ።

የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሰውየውን ሳነሣ የአገራቸው አውራ ዶሮ ትዝ አለኝ። ሞሪስ ይባል ነበር። ኦሌሮን በምትባል ደሴት ላይ ጎሕ ሲቀድ ይጮኽ ነበር፤ አውራ ዶሮ ነውና። እዚያ የዕረፍት ቤት የነበራቸው ባልና ሚስት ከሰሱት፤ ባለቤቱን ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሮሽፎር ፍርድ ቤት ለዶሮው ፈረደለት፣ ከሳሾቹም 1000 ዩሮ እንዲከፍሉ ታዘዙ። በ2021 ደግሞ የገጠሩ ድምፅና ሽታ የአገር ቅርስ ነው የሚል ሕግ ወጣ። ሞሪስ ግን ይህን ሳያይ ሞቷል። እኔ ዶሮው ላይ ቅሬታ የለኝም። ዶሮ ሲጮኽ ምክንያት አለው። የለቅሶ ድንኳን መንገድ ሲዘጋ ምክንያት አለው፤ የሰርግ ሙዚቃ ሲያነጋም ቢያንስ ሙሽራ አለው። ቆርቆሮዋ ምን አላት? ማንን ልትድር ነው?

የእድራችንን ዳኛ አማከርኳቸው። «ጎረቤትህ አይደሉ? ቻለው» አሉኝ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ቻል የሚባለው ለምን ሁልጊዜ ያልተኛው ሰው ነው? አዋኪውን በሩ ድረስ ሄዶ «ኧረ ጎረቤት አለህ!» የሚለው አንድ ሽማግሌ ጠፋ? ዝም ካልኩ ጨዋ ነኝ፤ አፌን ከከፈትኩ ጉርብትና የማላውቅ። እሳቸው ግን ጣራቸው እየጮኸ ያንኮራፋሉ፤ በነፋሱ መሐል ይሰማኛል። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ለሁለት ቤት አንድ ላይ ገዝተን ሙሉውን እኔ ተሸክሜዋለሁ!

ዳኛው ግን ቡናቸውን ፉት ብለው «ባለቤትህ በርበሬ የምታምሰው የት ነው?» አሉኝ።

በአጥሩ ሥር ነው። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ባለቤት እትዬ ከወዲያ ማዶ ሲያነጥሳቸው «ይማርዎት» አልን እንጂ ምጣዱን አላወረድንም። እሳቸውም «ያኑርሽ» አሉ፤ ደግመው አነጠሱ፤ ደግመን «ይማርዎት» አልን። ጢስ ደግሞ አንቀጹ ላይ ከጩኸት ቀድሞ ነው የተጻፈው።

ስለዚህ ሚስማር ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ አንዲት የቆርቆሮ ሚስማር ብለው ሳቀብኝ፤ በኪሎ ነው የሚሸጠው። ሩብ ኪሎ ገዛሁ። ግን አንድ ትልቅ ሰው በር አንኳኩቶ «ጋሼ፣ ሚስማር አምጥቼልዎታለሁ» ማለት «ቤትዎ ሊወድቅ ነው» እንደ ማለት ነው። ሚስማሩ ኪሴ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሰነበተ፤ ኪሴም ተበሳ።

እሑድ ጠዋት ጋሼ ራሳቸው መጡ። «አንተ ልጅ፣ መዶሻ ይኖርሃል?»

ልቤ ዘለለ። መዶሻውን ሰጠኋቸው፤ እንደ ዋዛም ሚስማሩን በሙሉ ጨመርኩላቸው። አጥሩ ሥር ቆሜ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ሲመቱ ተሰማኝ፤ አራት ጊዜ። ጣራው ላይ ግን አይደለም፤ ቤት ውስጥ ነው። መስታወት እየሰቀሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሚስማሩን በፌስታል መለሰልን። «ለግድግዳ ይወፍራል ብሏል አባዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል።»

መዶሻው አልተመለሰም። ይኸው ወር ሊሞላው ነው። ለመዶሻ የሚሆነው አንቀጽ ስንተኛው እንደሆነ ዛሬ ማታ እፈልጋለሁ፤ ነፋሱ እንደሆነ ከወዲሁ ተነሥቷል።